ታዴ የሌለበት ዘፈን

ሰኞ

ዘፈነው። እፊቴ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የእናቴን ሙሾ ዘፈነው።

ልጻፈው። በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ እንግሊዝኛውን ዛሬ ልነካው አልፈልግም። የዘረፈኝ በእሱ ነው።

ከመጀመሪያው። የምሠራው ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ፣ አንድ ካዚኖ ውስጥ ባለ የአይሪሽ መጠጥ ቤት ነው። በር ላይ ቆሜ እንግዳ እቀበላለሁ፣ ጠረጴዛ አሳያለሁ። የሥነ ጽሑፍ ዲግሪዬ ለጊዜው ሜኑ ይይዛል። ኮናል የቤቱ ዘፋኝ ነው፤ ከአየርላንድ ምዕራብ፣ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን የሚያቅፍ ሰው። ዘፈኖቹን እወዳቸው ነበር። መጻፉ ያቃጥለኛል፣ ግን እወዳቸው ነበር። ማዕበል የበላቸው ዓሣ አጥማጆች። በረሃብ ዘመን ልጆቿን ከመርከብ ላይ ወደ ባሕር የሸኘች ሴት። መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ። ገበሬው ባለርስቱን «በሩን ነቅለህ ውሰደው፤ የሚያንኳኳውን ግን ከየት ታመጣለህ» የሚልበት ቦታ ሲደርስ፣ ሥራዬን ትቼ እሰማ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማይኩን ነካ ነካ አደረገና አዲስ ነገር ላሰማችሁ አለ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ አሮጌ ዘፈን ነው አለ። ከዚያ ጀመረ፤ ገና በመጀመሪያው ስንኝ ቃላቱ የኔ መሆናቸውን አወቅሁ።

አጎቴ ታደሰ አምና ታክሲው ውስጥ ሞተ። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላው ያሉት ጡሩምባ ነፉበት። አንዱ ወርዶ መስኮቱን እየደበደበ ሰደበው፤ የሞተ ሰው ሰደበ። እኔንና እናቴን ወደዚህ አገር ያስመጣን እሱ ነው። መሪ መጨበጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለቅሶውን የተቀመጥነው ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር፣ ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ መኪኖቹን አውጥተን ወንበር ደርድረን። እናቴ ተነሥታ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

አገሩን በሙሉ ከቤቱ አድርሰህ፣
ምነው አንተን ብቻ መንገዱ አስቀረህ።

አረንጓዴው በራ፣ መንገዱም ክፍት ነው፣
ታዴ ንዳ እንጂ፣ ያስቆመህስ ማን ነው።

ኮናልም እዚያ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ስለሆነ ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት። በኋላ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩለት። ለዲግሪዬ እንኳ እንደዚያ አልለፋሁም፤ እያንዳንዱን ቃል አልቅሼበታለሁ።

አሁን ኮናል በሚዘፍነው ውስጥ «ታዴ» የለም። በስሙ ቦታ «ወዳጄ» ገብቷል። «ንዳ» የምትለዋ ደግሞ አዝማች ሆናለች። ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን እያነሣ፣ ወለሉን እየረገጠ «ንዳ፣ ንዳ» ይላል። ልክ እንደዚያ መስኮት ደብዳቢ።

ማክሰኞ

ያዝኩት። ከኩሽናው ጀርባ ጊታሩን ሲቃኝ።

የጮህኩ መሰለኝ፤ ምግብ አብሳዮቹ ብቅ ብለው አይተውናል። እሱ ግን የምሬን መሆኑ እንኳ አልገባውም ነበር። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ወደድሽው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ክርክሩ ይህ ነው። በለቅሶው ቀን እናቴን ይህን ማን ደረሰው ብሎ በእኔ በኩል አስጠይቋት ነበር። እሷም «ማንም አልደረሰው፤ ለቅሶ ነው» አለችው። እኔ ራሴ አስተርጉሜዋለሁ። ሙሾ ያወረደች ሴት ሌላ ምን ትበል? የወንድሟ ሬሳ ሳይቀበር ደራሲዋ እኔ ነኝ ትበል? እሱ ግን በእነሱ ሙያ ቋንቋ ሰማው። ደራሲ ከሌለው የሕዝብ ነው፤ የሕዝብ ከሆነ ያገኘ ይዘፍነዋል። ዘፈኖቹን ሁሉ ያገኛቸው እንዲህ ነው፤ አንዷን አሮጊት ከአንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱን ሽማግሌ ከአንዱ መጠጥ ቤት እየሰማ።

ይባስ ብሎም ዘፈኑ ሊወጣ በደረሰው አልበሙ ውስጥ ገብቷል። የተጻፈውን አሳየኝ፦ «የሕዝብ ዜማ፤ ቅንብር ኮናል»።

እንግሊዝኛውስ፣ እሱንም ሕዝብ ነው የተረጎመው አልኩት።

ጢሙን አከከ። ምስጋናው ላይ ስምሽን አስገባለሁ አለኝ። ከድምፅ ቀራጩና ጊታር ካዋሰው ሰውዬ ቀጥሎ መሆኑ ነው።

የኛም አሮጊቶች እንዲህ ያለቅሱ ነበር፣ ጠፋ፣ ቄሶቹ ከለከሉ፣ የሚያስታውሰው የለም፤ የናንተው እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለኝ። እንዳይጠፋ። እናቴ እኮ በሕይወት አለች። ትናንት ማታ ምስር ወጥ ሠርታ አብልታኛለች።

የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነበር። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ

አለቃችን ጋ ገባሁ። ኮናል ለቤቱ ሰው ይስባል፣ የግል ጉዳያችሁን ከሺፍት ውጪ ጨርሱ አለችኝ። የግል ጉዳይ፤ ተፋቅረን የተጣላን መሰላት።

ሩት ጋ ደወልኩ። የክርስትና እህቴ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፣ ሕግ የምትማር። ስትናደድ አማርኛዋ ይሰባበራል፤ እሷም ተናደደችልኝ።

«ትራንስሌሽኑ ያንቺ ነው፣ ፒርየድ። ሱ አድርጊው፣ ክሰሺው። እኔ ፍሪ እሠራልሻለሁ።»

ገና ጠበቃ አይደለሽም አልኳት።

«እሱም ገና ሃበሻ አይደለም፤ ግን በሃበሻ ሙሾ እየሠራ ነው።»

ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አብረን ደብዳቤ አረቀቅን። «በአስቸኳይ እንዲያቆሙ» የሚል ቃል አለበት። ሦስቴ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጣፈጠኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ልቧን አውቃለሁ፤ ጠጪ በወንድሟ ሙሾ ወለል ሲረግጥ መስማት አይገባትም። ከእሷ በፊት እኔ እጨርሰዋለሁ።

ሐሙስ

አወቀች። ጥፋቱ የድስቶቹ ነው። ከትናንት ጀምሬ ሳስቀምጣቸው እንደማንኳኳቸው አልታወቀኝም ነበር። «ማንን ነው የምትደበድቢው» አለችኝ። ነገርኳት።

ቁጭ አለች። ስትጮህ፣ ስታለቅስ፣ ቢያንስ ስትሳደብ ጠበቅሁ። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ማን ሞቶበት ነው?»

ማንም አልሞተበትም እማዬ፣ ለገበያ ነው አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰው ሳይሞት? ሟርት አይደል እንዴ?»

ይህን ጊዜ በእሷም ተናደድኩ። እኔ ስለ ስርቆት አወራለሁ፣ እሷ ስለ ሟርት። ልጅ ሆኜ በጨዋታ ሙሾ ሳወርድ አፌን በጥፊ የዘጋችበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን የተቆጣችውን ቁጣ ነው አሁንም የያዘችው፤ ከዚያ አልወጣችም። መብት፣ ስም፣ ደራሲነት እያልኩ ዘረዘርኩላት። ስጨርስ፣ እንግሊዝኛውን ማን ሰጠው አለች። እኔ አልኳት፤ ለመቆጣት ሰበብ እንድታገኝ ፈልጌም ጭምር።

«አንቺማ ለአጎትሽ አለቀስሽ» አለችኝ። «ያን ቀን ከአፍሽ ድምፅ አልወጣም ነበር። ያንቺ ለቅሶ ያ እንግሊዝኛ ነበር።»

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ሰውዬው ሁለት ለቅሶ እንደወሰደ ገባኝ።

ከዚያ፣ «ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ውሰጅኝ» አለች። እምቢ አልኳት። ሳትወስጂኝ ብትቀሪ በአውቶቡስ እሄዳለሁ አለች።

ዓርብ

አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ውሸት ነው፤ ግን ሲታሰብ ውሸትም አይደለም።

የምፈራቸው፦ እናቴ ሰው ፊት ትወድቃለች። ጠባቂዎቹ ክንዷን ይዘው ያስወጧታል። ስልክ ይዘው ይቀርጿታል፣ «ያበደች ሴት» ተብላ ትዞራለች። ከሥራ እባረራለሁ (ይህ የመጨረሻው ነው፣ ይባርሩኝ)።

የማልፈራው፦ ኮናልን።

ደብዳቤውን አልላክሁም። ሩት ለምን አልላክሽም ብላ ጮኸችብኝ። መጀመሪያ እናቴ ትቅደም አልኳት፤ ከአፌ ወጣ፣ ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ቅዳሜ

እንዳለ ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

እናቴ ብላክጃክ በሚሉት የቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርድ አከፋፋይ ናት። ከሺፍቷ በቀጥታ መጣች፤ ጥቁር ሱሪ፣ ሰደርያ፣ ደረቷ ላይ የስሟ ምልክት። ገና አልመሸም ነበር፣ ቤቱ ግን ሞልቷል። መድረኩ አጠገብ አስቀመጥኳት። ውሃ አዘዘች።

ኮናል አያት። ያወቃት አልመሰለኝም። ሦስት ዘፈን ዘፈነ፤ እናቴ ስለ መርከቧ ሴት የሚለውን በትኩረት ሰማች፤ ምን እንደሚል ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ ተናደድኩባት።

ከዚያ ያንን ጀመረ። ሰዎቹ ከሰኞ ጀምሮ ለምደውታል መሰል፣ ገና «ንዳ» ከመባሉ እግራቸው ተነሣ። እናቴ ተነሣች። ሳትቸኩል ሄዳ ከማይኩ ፊት ቆመች። እኔም ተከተልኳት። ጊታሩ ቆመ፤ ከኋላ ጥቂቶች «ንዳ፣ ንዳ» ማለታቸውን ቀጥለው ነበር፣ ከዚያ እነሱም ተዉት።

«ጠይቂልኝ» አለችኝ፤ «ማን ሞቶብህ ነው በይው።»

ጠየቅሁት። ማይኩ ክፍት ስለነበር ቤቱ በሙሉ ሰማው።

ኮናል ዙሪያውን አየ። «ማንም» አለ። «ዘፈን እኮ ነው።»

«እኔ ወንድሜን ነው የጠራሁት» አለች። «አንተ ማንን ነው የምትጠራው?»

ተረጎምኩለት። ያን ጊዜ አወቃት። ፊቱ ቀላ፣ ከማይኩ ራቅ አለ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ማሂ፣ ስሙ ማን ነበር?»

ለቅሶአችን ላይ ተቀምጧል። እንጀራችንን በልቷል። ሙሾውን ወስዷል፣ አልበም ላይ አድርጓል። የሞተውን ሰው ስም አያውቀውም። «ወዳጄ» ያለው ለዜማው ብሎ ይመስለኝ ነበር። ስሙን አልቆረጠውም፤ መጀመሪያውኑ አልሰማውም። እኔ ትርጉሙ ላይ ጽፌለታለሁ፤ ስም መሆኑን እንኳ አላስተዋለም።

እናቴ ምን አለ አለችኝ። ነገርኳት።

«ንገሪው» አለች።

«አልነግረውም።»

«ማህሌት።»

«አልነግረውም እማዬ። እሱንም ይወስደዋል።»

ወደ እሱ ዞራ ራሷ ነገረችው፤ ሙሉ ስሙን፣ እስከ አያት፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል። ለተጫዋች ካርድ እንደምታስቀምጥ።

ኮናል ደገመው። አጣመመው። አረመችው። እንደገና ደገመው።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገች፤ አስባ ይሁን ሳታስብ አላውቅም። ካርድ አከፋፋዮች ከጠረጴዛ ሲነሡ ምንም እንዳልያዙ ካሜራው እንዲያይ እጃቸውን አጨብጭበው መዳፋቸውን ይገለብጣሉ። እሷም በሰው ሁሉ ፊት እጇን አጨበጨበች፣ መዳፏን ከላይ ከታች አሳየችው፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

አንዱ ከባሩ በኩል ዘፈኑን ጨርስ ብሎ ጮኸ። ኮናል ጊታሩን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ወረደ። ዘወር ብዬ ያየሁት ያንን ብቻ ነው።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የኮናል መልእክት ደርሶ ነበር። ረጅም ነው። ዘፈኑን ከአልበሙ አውጥቶታል፣ አሳታሚዎቹ ተቆጥተውታል፣ ዳግም መድረክ ላይ አይዘፍነውም። ስሙን ሳላውቅ እንዴት አለቀስኩ እያልኩ ሳልተኛ አደርኩ ይላል። ይበለው።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ለሩት ደውዬ አነበብኩላት፤ በጽሑፍ ስለሆነ ሴቭ አድርጊው አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ለእናቴም አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች። «ሲሞትበት ይዝፈነው» አለች።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

«የራሱ ሰው ሲሞትበት። የራሱን ሰው ስም ጠርቶ። እኔስ ከእናቴ አይደል የወሰድኩት? እናቴ ለአባቴ ስታወርድ በሙሾው ያለችው በቅሎ ነበረች፣ እኔ መኪና አደረግኋት። ስሙን ነው የምትለውጪው።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። የሳምንቱ ክርክሬ በሙሉ በአንድ አረፍተ ነገር ፈረሰ። «ይህን ፍርድ ቤት እንዳትናገሪ» አለች ሩት በስልኩ ውስጥ፣ እና እናቴ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። እናቴ የወሰደችው ስታለቅስ ነው፤ እሱ የወሰደው ሲሰማ። ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነው፣ ማስረዳት ባልችልም። የኔን እንግሊዝኛ ደግሞ ከማንም አልወሰድኩትም፤ እሱ የኔ ነው። ይቅርታውን አልተቀበልኩም። መልእክቱ ውስጥ ስለ ትርጉሙ ያለው አንዲት መስመር ናት፣ እሷም ወደ መጨረሻው ገደማ።

ከእሷ በታች ግን ጥያቄ አለ። በሙት ዓመቱ ቤታችሁ መምጣት እችላለሁ ወይ ይላል። ይህን ላላነብላት ፈልጌ ነበር። አነበብኩላት።

«ይምጣ» አለች። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ተመለሰች። «ጊታሩን መኪናው ውስጥ ይተው።»

በዚህ ቤት እኔን የጠየቀኝ የለም። ከሰዓት በኋላውን ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። አሁን ላክሁለት፦ ቀኑን፣ አድራሻውን፣ የጊታሩን ነገር በትልልቁ ፊደል። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ወዲያው መለሰ። አመሰግናለሁ አላለም። የጻፈው የአጎቴን ስም ብቻ ነው፣ እስከ አያት፣ ከአንድ ፊደል በቀር በትክክል።

አንዷን ፊደል ላርምለት ወይስ ልተዋት እያሰብኩ ነው።