ሳልሰማው ሰማሁህ ያልኩት ሰው

ይድረስ ለእህቴ ለረውዳ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተሻል? ያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ? የምትሠሪበት ቤት አሁንም ያው ነው ወይስ ለውጠሻል? ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሻል? ከጻፍሽልኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ስላለፈ የምጠይቅሽ ሁሉ ያረጀ ጥያቄ ነው። እኔም እንደ ድሮው «ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» ብዬ አልጀምርም። ጉልበቴን ያመኛል። ቀኝ ዓይኔ ስለደከመ ትንንሽ ሽቦ የምበይደው በማጉያ መነጽር ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ የምውለው መነሣት ስለሚሰለቸኝ ነው እንጂ ሥራው እንኳ ቀንሷል።

ወሬው ይህ ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ተፈትኜ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ራዲዮ ስጠግን ኖሬ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ የራሴን ከፈትኩ። ንግድ የለበትም፤ ዜናም ዘፈንም አይተላለፍበትም። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከየአገሩ በአየር ይጠራራሉ፣ ይደማመጣሉ፣ ይለያያሉ፤ ይኸው ነው። መሣሪያውን ጠዳ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ ሄደ። የአንቴናውን ሽቦ ከጣሪያችን እስከ ጎረቤታችን እስከ ይመኙሽ ጽድ ድረስ ወጠርኩት። ዛፏን ስለምናት «ልብስ ካልተሰጣበት ምን ሊረባ ነው?» አለችኝ። ከሩቅ አገር ሰው ጋር እንደሚያነጋግር ስነግራት ደግሞ «በቅርብ ካሉት ጋር ተነጋግረህ ጨረስህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ግን ፈቀደች።

ሦስት ሳምንት ጠራሁ። ከሱቅ ስመለስ፣ ከመግሪብ በፊት፣ እቀመጥና የተሰጠኝን የጥሪ ስም እየደጋገምኩ እናገራለሁ። የሚመልስልኝ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ጩኸት ብቻ ነበር። ባለቤቴ ራቢዓ በበሩ ስታልፍ «እኔን እንዲህ ብትጠራኝ በመጀመሪያው አቤት እል ነበር» ትለኛለች።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ናይሮቢ ያለ አንድ ጡረተኛ መካኒክ መለሰልኝ። እዚህ ላይ ሥርዓቱን ልንገርሽ። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ሁለት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው ንግግሩ ምን ያህል እንደገባው ከአንድ እስከ አምስት፣ ሁለተኛው ድምፁ ምን ያህል እንደበረታ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነው። አምስት ዘጠኝ ማለት አጠገቤ እንዳለህ እሰማሃለሁ ማለት ነው። ሰውዬው እንዴት እንደምሰማው ጠየቀኝ። ከሦስት ቃል አንዱን ነበር የሰማሁት። ግን ከስንት ቀን በኋላ አቤት ያለኝን ሰው፣ ያውም የሩቅ አገር ሰው፣ ድምፅህ አይረባም እንዴት ልበለው? አምስት ዘጠኝ አልኩት። ደስ ብሎት አመሰገነኝ።

ከዚያ ጠፋ። ከወር በኋላ ሲጠራኝ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ለካ ያን ቀን የጠየቀኝ ሽቦውን ነፋስ መትቶት እንደሆነ ጠርጥሮ ኖሯል። እኔ ደኅና ነው ስላልኩት በዚያው ሲሠራበት ሰንብቶ መሣሪያው ተቃጠለ፤ የጠፋውም እሱን ሲጠግን ነው። አልተቆጣም። «እኔ ራሴን አልሰማም፤ የምትሰማኝ አንተ ነህ። የጠየቅሁህ እኮ ሰላምታ አልነበረም» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄው ዘጋሁ።

እዚያው ተቀምጬ የመጨረሻ ደብዳቤሽን አሰብኩ። «ለእናቴ ሰላም በልልኝ እያልኩ አንድ ዓመት ሙሉ ለአፈር ስጽፍ ኖሬያለሁ» ብለሽ ነበር። አንዲት የጠዳ ሴት ገበያ ላይ አግኝታሽ «አላህ ይርሐማት» እስክትልሽ ድረስ፣ እኔ በየደብዳቤው «እናታችን ደኅና ናት፣ ትስምሻለች» ስል ከርሜያለሁ። አጎታችን ዐብዱልከሪም መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ሰው ሲገኝ ቀስ ተብሎ በሰው ይነገራት ብሎ ነበር። ወጉ ነው። ግን እኔ ሰው አልፈለግሁም። ሁለት ሰዎች ወደ ጅዳ ሲሄዱ እያወቅሁ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ላንቺ አዝኜ ነበር፤ በኋላ መዋሸቱ ቀለለኝ።

ያልነገርኩሽ ይህ ነው። እናታችን የሞተችው ኅዳር 19 ቀን 1994፣ ረቡዕ፣ በረመዳን፣ ሰው ለማፍጠር ሲሰናዳ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ታመመች። ጉንፋን ይዟት ነበር ተሻላት ብዬ የጻፍኩልሽ በዚያው ሳምንት፣ ከተቀበረች በኋላ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ራቢዓን «ረውዳ» እያለች ትጠራት ነበር። ራቢዓም አቤት ትላት ነበር። ከአባታችን ጎን ቀበርናት። ልብሷን ለሰደቃ ሰጠን፤ መቁጠሪያዋ ላንቺ እንዲሆን ስላለች ሣጥኔ ውስጥ አለ።

አጎታችን ዐብዱልከሪም ሰላም ይልሻል፤ ጆሮው ደክሟል፣ አጠፋሁ ግን አይልም። ይመኙሽ ሰላም ብላሻለች፤ ትናንት ሽቦዬ ላይ ካልሲ ሰቅላ አገኘኋት። ራቢዓ ሰላም በልልኝ አላለችኝም፤ በዝምታሽ ተቀይማለች። ምን ልጻፍላት ስላት «ሙሉውን ጻፍላት» አለችኝ። ከእናታችን ሰላምታ የለም።

መጻፍ ከከበደሽ ወረቀት ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ አድርገሽ ላኪልኝ። አንድ አንድ ከሆነም እንዳለ ላኪው።

ወንድምሽ ከማሉዲን
ጎንደር፣ አራዳ
መጋቢት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.