የመኪናዬ ኋላ ከፍ ያለበት ምክንያት

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ይመችዎታል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ለማንም፣ ለወለድኳት ልጄ እንኳ፣ ነግሬው የማላውቀውን ነው፦ የመኪናዋን ኋላ ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መፍቻ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ያነሳኋት በመጻሕፍት ነው።

ባለፈው ሳምንት የሟች ባለቤቴን አሮጌ ባለሁለት በር መኪና ልጄ እየነዳች ለዓመታዊ ምርመራ ይዘናት መጣን። መርማሪዎ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «እማማ፣ ይቺ መኪና ምን ጠፍቷት ነው መሬት የምታሸተው?» አለኝ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ከሥሯ ገብቶ ባሌስትራውን፣ ማለትም ኋላዋን የሚሸከሙትን ተነባባሪ ብረቶች፣ ቆጠረ። ሁለት ትርፍ አገኘ፤ በላያቸውም የሠሪውን ምልክት። በማግስቱ ለባሌስትራ ሠሪው፣ «ያለ ፈቃድ የመኪና ኋላ ከፍ አድርገዋልና ጋራዥዎ በአሥር ቀን ውስጥ ይታሸጋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ስለ ፍጥነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ቦይ እንዲጠረግ ስድስት ዓመት ስንጽፍ ስለኖርን፣ ቢሮ መሮጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

አቤቱታዬ እነሆ።

አንደኛ፦ መርማሪዎ የለካው በጣቱ ነው፤ «አራት ጣት ትርፍ» ብሎ ጽፏል። ሜትሩ የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም። የማን ጣት እንደሆነ ግን ደንቡ ላይ ቢጠቀስ ለእኛ ለቀጫጮቹ ይበጀን ነበር።

ሁለተኛ፦ የያዛችሁት ንጹሕ ሰው ነው። እኔ ማንበብ የተማርኩት አግብቼ፣ የሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ አመሉም በዚያው ቀረ። ቤታችን ጠባብ ነበርና ባለቤቴ አንድ ቀን፣ «አንድ መጽሐፍ ከጨመርሽ እኔ ደጅ ማደሬ ነው» አለኝ። እየቀለደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ሥርና ከጀርባው መደበቅ ጀመርኩ። ኋላዋ ረገበ። ባለቤቴ ወደ ልጅነት ወዳጁ፣ ወደ ባሌስትራ ሠሪው፣ ወሰዳት፤ እሳቸውም አንድ ብረት ጨመሩላት። እኔ ጥንካሬዋን አይቼ ባለሦስት ቅጹን መዝገበ ቃላት ጨመርኩ። ዳግመኛ ረገበች። ሁለተኛ ብረት ገባ፤ እኔም አላረፍኩም። በመጨረሻ ባለቤቴ፣ «በሠላሳ ዓመት ወዳጅነት ላይ የዛገ ብረት ትሸጥልኛለህ?» አላቸው። እሳቸውም፣ «ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ብለው እጃቸውን ጠረጉ። ሁለት አዋቂዎች ከሥሯ ተጋድመው ሲነታረኩ ወንበሩን ላንሳው ያለ የለም፤ እኔ ተቀምጬበት አነብ ነበራ።

ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈው ኖሩ። ባለቤቴ ወዳጁ እንዳታለለው አምኖ ሞተ። ወዳጁ ለቀብሩ መጥተው ከአጥር ውጭ ቆሙ። አየኋቸው፤ ይግቡ አላልኳቸውም።

ሐዘኑ በረድ ሲል መጻሕፍቱን አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ። ሸክሟ የወረደላት መኪና ኋላዋን ሽቅብ አነሳች። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ምስክር ተነሥቶ የቆመብኝ መሰለኝ።

ሦስተኛ፦ ደንብዎ ኋላዋ ዝቅ ይበል ይላል። ዛሬ ጠዋት ሞክሬዋለሁ፤ አራት ረድፍ መጻሕፍት ስመልስባት ልክ ደንቡ ካለበት ቦታ አረፈች። እንግዲህ ይምረጡ፦ ወይ ጋራዡ ሳይታሸግ ትርፎቹን ብረቶች የሰካቸው እጅ ያውጣቸው፣ ወይ መዝገበ ቃላት የመኪና መለዋወጫ መሆኑን በማኅተም ያረጋግጡልኝ። የግድ የሚታሸግ ነገር ካስፈለገ ግን የእኔ መደርደሪያ አለ።

የመርማሪዎን ጣቶች ከአደጋ ይጠብቅልን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአሮጌዋ መኪና ባለቤት ሚስት የነበረችው

ልረሳው ነበር፦ መርማሪዎም ሩብ ሰዓት ሲፈትሽ ወንበሩን አላነሳም። አልፈርድበትም፤ ከእሱ የሚሻሉ ሁለት ሰዎችም አላነሱትም።

ግልባጭ፦
ለቢሮው የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለልጄ፣ ከሰው አፍ ከመስማቷ በፊት፤
ለባሌስትራ ሠሪው፣ በዚያችው መኪና ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ወንድሜ፣ ዛሬ ከሥሯ ከመግባትዎ በፊት የኋላ ወንበሩን ያንሱ፤ ያኔ ያረገቧት መጻሕፍት እዚያ ናቸው።