ዳቦ ፊት ተቀምጣ «አልራበኝም» ያለችው ሴት

ሰኞ፣ የካቲት 17

አበልጄ መሪጌታ ስሜነህ ዛሬ በሕዝብ ፊት ውሸታም አለኝ። ሠላሳ ዓመት አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው «ትዋሻለህ» አለኝ።

ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣው ጣሊያን ፊልም አለኝ አለ። ዘማች ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን ትልቅ ክፍል መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ሞተር አስነስተው፣ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ሲወጣ ጠሩት። ፊልሙ በጣሊያንኛ ነው። የሰውዬው አማርኛ «ውሃ» እና «ነገ» ብቻ። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። በጣሊያን ጊዜ መንገድ ስሠራ የሳጥን ላይ ጽሑፍ እየቆጠርኩ፣ በኋላም ከአንድ የተቀደደ መጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩት ቋንቋ ነው። ማንም አላስተማረኝም።

ፊልሙ ጉድ ነው። ቤት የሚያህል ዓሣ በከተማ መንገድ ይጎተታል። ከጎኑ በር ተከፍቶ አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። አንዲት ሴት ቀይ ሐር ለብሳለች፤ እሷ ገበያ ስትደርስ የቀሚሷ ጫፍ ገና ከቤቷ አልወጣም። ከዚያ ረጅም ገበታ፣ የዳቦ ክምር፣ ዙሪያውን የተቀመጠ ሰው፤ የሚበላ ግን የለም።

ዓሣው እንደታየ መሪጌታ ብድግ ብሎ፣ ይሄ ዮናስ ነው፣ በነነዌ ጾም መምጣቱም በከንቱ አይደለም እያለ ለሕዝቡ ያብራራ ጀመር። ሴቶቹ እልል አሉ። ገበታው ሲመጣ ደግሞ የነነዌ ሰዎች ጾመው ነው አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ባለ ቀይ ቀሚሷ ተናገረች። ያለችውን አልኩ፦ «አልራበኝም። ሰልችቶኛል።»

መሪጌታ ዞረብኝ።

«ዳቦ ፊት ተቀምጦ አልራበኝም የሚል የአዳም ልጅ የለም። ጾም ነው ብላለች። አንተ ትዋሻለህ።»

ሰው ሳቀ። ፊልሙ እስኪያልቅ አንዲት ቃል ሳልዘል ተርጉሜ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ወሬው እስካሁን ከላላ ከተማ ሳይደርስ አይቀርም። ስለ ፊልሙ የሰማሁትን ልጻፍ።

በቅሎ ነጋዴው ሸህ ይመር ስለ ዓሣውም ስለ እኔም ግድ የለውም። ሐሩን እያስታወሰ «ሱብሃነላህ» ሲል ዋለ። ለቀለሙ ስል ከወረኢሉም ቢሆን ተመልሼ እመጣለሁ ይላል። የዘማቾቹ አለቃ የመሳፍንት መበስበስ ነው አለ። ለእሱ ሁሉም ነገር የመሳፍንት መበስበስ ነው፤ ትናንት የኔን በር መንጋደድም እንደዚያ ብሎታል።

ጎረቤቴ እቴ ሙሉ፣ አምና በረሃቡ ጊዜ ሁለት ልጆቿን በመጠለያው የቀበረችው፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጠየቀችኝ።

«አያ ተገኝ፣ ዳቦውን በኋላ ማን በላው?»

አላሳዩም አልኳት። ዓይኗን ከዳቦው ስላልነቀለች ሌላውን እንዳላየችው ነገረችኝ።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሐሙስ የሁለት ወንድማማቾች የድንበር ሽምግልና አለብኝ። ታላቅየው ዛሬ ሰው ልኮ፣ ቃሉ የሚጠረጠር ሰው መካከላችን ባይቀመጥ ይሻላል አለኝ። ሀብት የለኝም፣ ሹመት የለኝም። በዚህ አገር ያለኝ ቃሌ ነው። እሱ ከሄደ ምን ቀረኝ?

እውነቱን ልጻፍ። ሴትዮዋ ስትናገር «ጾም ነው» ብል ሁሉም ደስ ብሎት እንደሚያድር አውቄ ነበር። እቴ ሙሉ ፊት ለፊቴ ነበረች። ቃሉ ምላሴ ላይ ከበደኝ። ግን ያላለችውን አልልም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ገብርኤል ነው። ከቀትር በኋላ ወደ ጉድጓዱ ወርጄ ጣሊያኑን በጭቃ ጫማው ይዤው መጣሁ። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ፊት አቆምኩት። ጣሊያኑ እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ የሚችለውን ዘማች ጠራሁ። እኔ አፌን እዘጋለሁ፣ አንተ ጠይቀው፣ መሪጌታ ይስማ አልኩ።

ተማሪው ጠየቀ። ጣሊያኑ መለሰ። ተማሪው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «አልራበኝም፣ ሰልችቶኛል ነው ያለችው» አለ።

መሪጌታ፣ ታዲያ የፊልሙ ትርጉም ምንድን ነው ብለህ ጠይቅልኝ አለ። ጣሊያኑ ከት ብሎ ሳቀ። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዱም አልገባኝም፣ የማየው ቀለሙን ስለምወደው ነው አለ። ሸህ ይመር ጨረታ እንዳሸነፈ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ።

እኔ ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና ምሳዬን በደንብ በላሁ፤ ሽሮውም ጥሩ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

መሪጌታ በማለዳ ድንጋይ ተሸክሞ ለይቅርታ መጣ። ድንጋዩን አየሁት። ነጭ ሽንኩርት መፍጫ ያህላል። እኔን ውሸታም ላለ ሰው ይቺ አትበቃም፣ ሌላ አምጣ አልኩት። ሳይከራከር ወጣ። ሲመለስ ጎብጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ላይ አድርጎ ነበር። ወዲያው አወቅሁት። ከራሴ ካብ የነቀለው ነው። ሳቄን ዋጥኩ።

«አበልጄ» አለ እንዳቀረቀረ፣ «አንቱ ሴትዮዋ ያለችውን ነው ያሉት። እኔ ያቺን ቃል ለማመን አቅም አጣሁ። አምና ስንት ሰው ቀበርኩ።»

ድንጋዩን በእጄ አወረድኩለት። ሰኞ የነሣኋቸውን አንቱታም ከዛሬ ጀምሮ መልሻለሁ። ድንጋዩን ወደ ካቡ መለሱት፤ አጣመው ነው ያስቀመጡት። አላቀናውም።

በአራት ሰዓት ሁለቱ ወንድማማቾች መጡ። ታላቅየው ዓይኔን ሳያይ ተቀመጠ፣ ግን ተቀመጠ። መሪጌታም ከጎኔ ሆነው ሰሙ። እስከ ቀትር ድንበሩ ተለየ፤ ሁለቱም በቃሌ አደሩ።

ማምሻውን እቴ ሙሉ ያንን ዳቦ ማን እንደበላው ጣሊያኑ ያውቅ እንደሆን ጠየቀችኝ። እሱም አያውቅም አልኳት። ከቤት ያለውን ቆሎ አፍሼ ሰጠኋት፣ አብረን ቆረጠምን።

ስለ ፊልሙም ስለዚያች ቃልም ከዛሬ ወዲያ ከእኔ አፍ የሚሰማ የለም። መሪጌታ ራሳቸው ቢያነሱት ተነሥቼ እወጣለሁ።