በየቀኑ የምለብሰው ኪልት

ለውድ ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ትንሿ ልጅህ ከሳሏ ተሻላት? ኒው ዚላንድ በጋ ገብቷል ብለህ ጽፈህልኛል፤ እዚህ ኦባን ግን ከወደቡ የሚነሣው ነፋስ ጃንጥላ እየገለበጠ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አባባም በሰውነታቸው ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይሰፋሉ።

«እውነት አንተ በየቀኑ ኪልት ትለብሳለህ?» ብለህ ስቀህብኛል። ብትስቅ አይፈረድብህም። ያንን ሽንሽን የወንዶች ጉርድ ቀሚስ በየቀኑ የምትለብሰው አንተ ነበርክ፤ የአባባ የኪልት ስፌት ሱቅ ማስታወቂያ ነበርክ። እኔ ለሠርግ ካልሆነ ሱሪዬን አልቀይርም ነበር።

እስቲ የቧንቧ ሠራተኛ ኪልት ለብሶ እቃ ማጠቢያ ሥር ሲተኛ አስበው። ወይዘሮ ኢሽቤል ባለፈው ሳምንት፣ «ልጄ፣ የጠራሁህ የሚያፈሰውን እንድትጠግን ነው፤ ሌላውን ሸፍንልኝ» ብለው ፎጣ ወረወሩብኝ። ከሥር ቁምጣ እንዳለኝ ምዬ ነው ሥራውን የጨረስኩት። ኪልቱ ኪስ የለውም፤ ከፊት በምትንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ ስልክና ቁልፍ ከገቡ መፍቻ አይገባም። ያ ሁሉ ሱፍ ዝናብ ሲጠጣ ወገብ ይቆርጣል፣ እርጥቡ ጠርዝ ጉልበቴን ይልጠዋል። በበጋ ደግሞ ትንኞቹ ግብዣ የተጠሩ ይመስል ይሰለፉብኛል። የመኪናዬ ወንበር የኋላውን ሽንሽን በዓመት ይጨርሰዋል። በማሽን አይታጠብም፤ ላውንደሪ ያለችው ሴትዮ በሽንሽኑ ቁጥር የምታስከፍለኝ ይመስለኛል። ጨርቁ ብቻ የወር የቤት ኪራይ ያህላል። የስፌቱንማ አባባ አይቀበሉኝም።

በዚያ ላይ ይረዝምብኛል። ሥጋ ሻጩ ዋቲ፣ «ምነው፣ የአክስትህን ቀሚስ ነው ያጠለቅኸው? አባትህ ሜትር ጠፋባቸው እንዴ?» እያለ መንገድ ሙሉ ሰው ያስቅብኝ ነበር።

አምና መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ሱሪ ለብሼ ከፎቅ ወረድኩ። አባባ ከመርፌያቸው ቀና ብለው በትሕትና፣ «ሱቁ ገና አልተከፈተም ጌታዬ፤ ትንሽ ይታገሡን» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ተመልሼ ኪልቱን ለብሼ ስወርድ ፊታቸው በራ፤ በአንተ ስም ጠሩኝና «ና፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» አሉኝ።

ከቤት ወጥተህ ቀይር ትለኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። ሱቁ ዋናው መንገድ ላይ አይደል? በመስኮቱ ፊት ሱሪ ለብሼ ሳልፍ አዩኝ፤ በካልሲ ወጥተው ለአላፊ አግዳሚው «ልጄን አያችሁት?» ሲሉ ዋቲ ነው ክንዳቸውን ይዞ ያስገባቸው። ከዚያ ወዲህ ዋቲ ስለ ርዝመቱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አዲስ ኪልት ሲጨርሱ እንደ ድሮው ወለሉ ላይ ያንበረክኩኛል። ጠርዙ ወለሉን ለጥቂት ሳይነካ መቅረት እንዳለበት አንተ ታውቃለህ፤ በአንድ ጣት ስሕተት የሰው ስፌት ያስፈቱ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ ስንበረከክ ጠርዙ ወለሉ ላይ ይተኛል። እሳቸው ትከሻዬን መታ አድርገው «ልክ ነው» ይላሉ። ሜትሩን የሚዘረጉት እኔ ላይ ነው፤ መቀሳቸው ግን የሚያውቀውን ልክ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዊክ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ፤ የነፋስ ተርባይን ጠጋኞችን ባሕር ላይ የሚያመላልስ መርከብ ነው። ግማሹን ወር ባሕር ላይ፣ ግማሹን የብስ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው ምን እንደነበር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እስከ ዓርብ መልስ ስጠን ብለውኛል። አባባን የምትንከባከብ ሴትም አነጋግሬ ነበር፤ ምግቡንና መድኃኒቱን እችለዋለሁ አለች። «በመስኮቱ ልጃቸው እንዲያልፍ ግን ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ትናንት እራት ላይ አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «ከታናሽ ወንድምህ ወሬ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነው፤ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቷል» አልኳቸው። አይበርደውም ወይ አሉ። ወፍራም ቱታ ሰጥተውታል አልኩ። «እሰይ! ያ ልጅ እኮ ይህን ነገር ወዶት አያውቅም። እንኳን ወጣ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙና «አንተ ግን አለህልኝ» አሉኝ።

ለሚመጣው ክረምት የሚሆነውን ጨርቅ ዛሬ ጠዋት ቆርጠዋል።

ቤትህ ሰላም አይጣ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለመምጣት ሥራህ እንደማይለቅህ አውቃለሁና በዚህ አላስጨንቅህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ በሚቀጥለው ደብዳቤህ ስለ ባሕር ጻፍ። ስለ ሞገዱ፣ መርከቡ ላይ ስለሚበላው፣ አብረው ስለሚሠሩት ሰዎች ቀልድ፣ ያሻህን ፍጠር። ከዚያ በእኔ ስም ፈርምበት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ።

ታናሽ ወንድምህ