ካሰች ዐይኗ ሲበራ

ኅዳር 4

ዝናብ። ወደ ሥራ የሚወስደኝ የገዴራው አውቶቡስ ዘገየ። የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ ማዕያን ሰዓቷን አየች። ሽማግሌዎቹን አጥበን፣ አብልተን፣ መስኮት ዳር አስቀመጥናቸው። ክፍሉ ይሞቃል፣ አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለ። ልጆቻቸው ግን... ቅዳሜ፣ እሱም ከመጡ።

እታለም ካሰችን አሰብኩ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጎንደር ሆና ወደዚህ ወደ እስራኤል የመምጫ ተራዋን ስትጠብቅ አረጀች። ዐይኗም እየጨለመ ነው አሉ። ብቻዋን ውላ ግን አታውቅም። የቱ ይሻላል? እንጃ።

ኅዳር 19

ተፈቀደላት! ሥራ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ቆሜ አለቀስኩ። አንዷ አሮጊት እጄን ይዛ "ማን ሞተብሽ?" አለችኝ። "ማንም። እኅቴ ልትመጣ ነው።"

ቆይታ ካሰች ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። የተፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው። ልጇ እንጉዳይ ባል ስላገባች ጉዳይዋ ለብቻ ይታያል ተባለ። እንጉዳይም የልጅ ልጇ ትንሿ ብርቄም ይቀራሉ።

"ምን ይሻለኛል፣ የሺዬ?"

"ነይ። ዐይንሽን እናሳክመዋለን። እነሱም ይከተሉሻል" አልኳት።

ይከተላሉ? ማን ነገረኝ? ናፍቃኝ ነው እንጂ...

ጥር 8

መጣች። ቀጥናለች። እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ ግንባሬን፣ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። "ድምፅሽ ያው ነው" አለች። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ጥር 27

ከመርከዝ ክሊታ፣ ከአዲስ ገቢዎች ማረፊያው፣ አስፈቅደን ቤት አመጣናት። ሙቅ ውኃው አስደነቃት። "ዝም ብሎ ይመጣል? ማንም ሳያነድለት?" ሳቀች። ከዚያ "ብርቄ ብትኖር ስትንቦጫረቅበት ትውል ነበር" ብላ ቧንቧውን ዘጋች።

ከሥራ ስመለስ የቤቱ በር ወለል ብሎ አገኘሁት። ብርዱ ገብቶ ቤቱ በረዶ ሆኗል።

"እታለም፣ በሩን ማን ከፈተው?"

"እኔ። ሰው ይግባ ብዬ።"

"ማንም አይገባም እዚህ።"

"ቀኑን ሙሉ ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ ዋልኩ እኮ። ሁሉም ያልፋል። ምን አድርገናቸው ነው?"

እኔም ስመጣ ሰሞን እንዲሁ ጠይቄ ነበር... መልሱን ሳላገኝ ለመድኩት።

የካቲት 15

ያቭነ ከተማ ለቅሶ ደረስን፣ የባሌ የቢረሳው የሥራ ጓደኛ እናቱ ሞተውበት። ካሰችን ወሰድናት። የጎንደር ሰው ሞልቶ! የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ጎረቤት... እየተቃቀፈች አለቀሰች፣ ተጫወተች። እንደዚያ ስታወራ ከመጣች አላየኋትም።

መኪና ውስጥ ባሌን "ቢረሳው፣ እዚህ አገር ሰው የሚገናኘው ሲሞት ነው እንዴ?" አለችው።

"ሰርግም አለ እኮ፣ እትዬ" አላት። እሱም አልሳቀም።

መጋቢት 11

የዐይኗን ሞራ አወጡላት! ፋሻው ሲነሳ እኔና ልጄ ኖዓ አጠገቧ ነበርን። ብርሃኑን ፈርታ ቆየች። ኖዓ ጣቷን ዘርግታ "ዶዳ፣ አክስቴ ካሰች፣ ስንት ነው? ታያለሽ፣ ናኮን? አይደል?" ትላታለች። ካሰች ግን እኔን ነው የምታየው። አየችኝ፣ አየችኝ...

"ውይ የሺዬ! አርጅተሻል እኮ!"

ሐኪሙ ሳይገባው አብሮን ሳቀ። እግዜር ይስጠው። ይህን አገር አማሁት እንጂ... እዚያ ብትቀር ጨልሞባት ነበር።

መጋቢት 20

እንጉዳይ በቪዲዮ ደወለች። ብርቄ ስልኩ ላይ ተደቀነች። ካሰች ስልኩን አስጠግታ፣ አርቃ፣ እንደገና አስጠግታ...

"አፍንጫዋ የእናቴ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አራት ዓመት ሙሉ እያቀፍኩ ሳስተኛት ይህን አላውቅም ነበር።"

"እማማ፣ ነይ" አለቻት ብርቄ።

በጣቷ ጉንጯን ልትነካ ስትል ስልኩ ተዘጋ።

ራት ላይ፣ "እዚያ አቀፍኳት፣ አላየኋትም። እዚህ..." ብላ ተወችው። እህሉም ሳይነካ ተነሳ።

ሚያዝያ 6

እመለሳለሁ አለች። ቤቱ ታመሰ።

ኖዓ ጮኸች። "ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? እዚህ ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን አለ፣ መድኃኒት አለ! እዚያ ተኩስ ነው!"

"እዚህስ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲጮህ መጠለያ ክፍል ገብተን አልነበር?" አለቻት ካሰች። "ሁሉ አለ ልጄ። አገሩን ክፉ አልናገረውም፣ ዐይኔን ያበራልኝ አገር ነው። ግን ምን ልይበት?"

ያን ጊዜ ነው እኔን የከፋኝ። "እኔስ? እኔን አታዪም? ስንት ዘመን ጠበቅኩሽ!"

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አንቺን አሳድጌሻለሁ የሺዬ። ያቺ ገና ናት።"



ግንቦት 2

ሸኘናት። የአውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ዞራ በደንብ አየችኝ። እኔ ግን በእንባ አላየኋትም።

ሰኔ 14

ካሰች ደወለች። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ ውኃም የለም፣ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። ምስሩን ራሷ ትለቅማለች። በመርፌ ክር አስገባች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ፣ የብርቄ ጩኸት... "ጎረቤት ሞልቶብኝ ነው፣ ጮክ በይ!"

ከዚያ "አንቺስ መቼ ትመጪያለሽ?" አለችኝ።

ስንት ዓመት እኔ ነበርኩ ይህን የምጠይቃት። "ክረምቱ ይውጣ" አልኳት። ቢረሳውም "ሂጂ" አለ። ከመጣን ወዲህ ተመልሼ አላውቅም።

ዛሬ ማዕያንን ረፍት ጠየቅኳት። ቀን መቁጠሪያዋን እያየች "ለሽርሽር ነው?" አለችኝ።

"ሎ። ሀባይታ።" አይ። ወደ ቤት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቤቴ እኮ እዚሁ ቂርያት ማላኪ ነው። ልጄን ያሳደግኩበት፣ ባሌ ያለበት... ላርመው አፌን ከፈትኩ።

ተውኩት። እሷም "ቤሰደር"፣ እሺ፣ ብላ ጻፈችልኝ።