የጋሽ ዱካ የሕይወት ታሪክና አንዲት ገጽ ወረቀት

ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። በልጅነታቸው የጎረቤት ሬዲዮ እየፈቱ እናታቸውን ከሰው ያጣሉ ነበር። መልሰው ሲገጥሙት ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋቸዋል፤ ሬዲዮው ግን ይሠራል።

የስልክ ቴክኒክ ተምረው በ1973 ዓ.ም. በከተማው የስልክ ድርጅት ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. ከነርሷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። የጠፋ ጥሪ የት እንደገባ ሳያውቁ ከሥራ ስለማይወጡ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ዱካ» አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይቀፋል፤ ዘሎ ማለፍ ግን የባሰ ይቀፋል። በ1999 ዓ.ም. ከሰፈራችን አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ሁሉ ስልኩ የሚጮኸው በአንድ የተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሆነ። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን አምቡላንስ ስትጠብቅ አረፈች። በማግስቱ ጋሽ ዱካ ጥሪ በሚያከፋፍለው መሣሪያ ላይ መከታተያውን አበሩ። መከታተያው እያንዳንዱ ጥሪ በየትኛው ትእዛዝ ወዴት እንደተላከ ይጽፋል። ሁሉን ልጻፍ ካለ መሣሪያውን ስለሚያጨናንቅ፣ ከሰፈራችን ወደ አምቡላንስ የሚደወለውን ብቻ እንዲይዝ አጠበቡት። ታናሽ እህታቸውም፣ ይህን የምትጽፈው፣ ከእናታቸው ቤት እንድትደውል አደረጉ።

በሦስተኛው ጥሪ ጉዱ ወጣ። አለቃቸው ጥሪውን ወደ መጋዘኑ እንዲልክ ያስገቡት ትእዛዝ ከአምቡላንሱ ትእዛዝ በላይ ተቀምጧል፤ መሣሪያው ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚፈጽመው። የአለቃው መለያና ያስገቡበት ቀን ከጎኑ ተጽፏል። ጋሽ ዱካ ገጹን አትመው ሲያሳዩአቸው አለቃው ወረቀቱን እንኳ ሳይነኩ «መከታተያውን አጥፋው፣ መሣሪያውን እያጨናነቅክብን ነው» አሉ።

ያቺው ቃል ውሳኔ ሆነች። የአለቃው የማዕድ ጓደኞች የተቀመጡበት ኮሚቴ፣ ጥሪዎቹ የጠፉት ጋሽ ዱካ ባበሩት መከታተያ ነው ብሎ ወሰነ። ገጹን በዓይናቸው ያዩ አራት ባልደረቦችም አላየንም ብለው ፈረሙ። ሰው ለወንበር ሲል ሬሳ ላይ እንዲህ ይቆማል ብሎ ማን ይገምታል? ያንገሸግሻል።

ወንድማችን እስከ ጡረታቸው ዕቃ ግምጃ ቤት ተጣሉ። በዚያ ድርጅት ግቢ ውሃ እንኳ ዳግመኛ አልጠጡም፤ ቤት ሲደርሱም በር ላይ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይገቡም ነበር። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አቀረቡ፤ ሦስት ጊዜም ጠፋ ተባለ። የሟቿ ባል ለአሥራ ሰባት ዓመት ሰላምታ ነፈጓቸው። ለባልየው እንኳ ገጹን ያሳዩአቸው ብለን ወንድማችንን ስንለምን «ድርጅቱ በገዛ አፉ ይንገራቸው» ይሉ ነበር። ድርጅቱ አፍ የለውም፤ ሆድ ብቻ ነው ያለው።

በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና አንዲት እህት ትተዋል። ድርጅቱ «ለታማኝ ሠራተኛችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ ከአጥሩ ውጪ ነው ያስቀመጥነው። ያቺ ገጽ በዚህ የቀብር መርሐ ግብር ጀርባ ታትማለች፤ መከታተያው የበራው ጎረቤታችን ካረፈች በማግስቱ መሆኑ ከነሰዓቱ ይነበባል። አንዱን ቅጂ ትናንት ለሟቿ ባል ወሰድንላቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ዛሬ አስከሬኑን ከተሸከሙት፣ ከፊት በቀኝ በኩል ያሉት እሳቸው ናቸው።

የሰውን ጥሪ ከቦታው ለማድረስ ስትደክም የኖረችው ነፍስ፣ አምላክ የእሷን ጥሪ ይስማላት።