አሥር ትርፍ ያልኩት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ዳቦ ገዝቼ በደረጃ ወጣሁ። አመሻሽ ላይ የእህቴ ልጅ ሔቨን መጣች። እዚሁ ጄኔቫ ነዳጅ የሚነግድ ድርጅት ውስጥ በሙከራ ላይ ነች። የሚመጣው ማክሰኞ ዙሪክ ሄዳ ለአለቆቿ ሥራዋን ታቀርባለች። ካልተቀበሏት ሥራውም፣ ፔርሚ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም የለም።

አየሁላት። አንድ አካባቢ በቀን መቶ ሺህ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ያወጣል፤ ማጣሪያዎቹ የሚችሉት ዘጠናውን ነው። እሷ ግን አርባ ይሸጣል፣ ሠላሳ ይገዛል ብላለች። ለምን?
«አሥር ትርፍ አለ። አሥሩን ሽጦ መገላገል ነው።»
«ጋሼ፣ ወፍራምና ቀጭን አለው እኮ...»
«ሁለቱም ድፍድፍ አይደለም?»
«ነው...»
«ታዲያ ደምሪያ!»
ልጅ ሆና ሂሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። አልተከራከረችም። እንዳልኳት አስተካከለችው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
የራሱን ሸጦ የሌላ የሚገዛ... ምን የሚሉት ሂሳብ ነው? ደግሜ ሠራሁት። ያው አሥር።

ጥቅምት 9፣ እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ወዳጄን ባልቻን ጠየቅኩት። በወጣትነቱ አሰብ ማጣሪያ መሐንዲስ ነበር። ሳቀብኝ።
«መምህር፣ አሥረኛ ክፍል ባዶ ወንበር አለ ብለህ አንደኛ ክፍሎችን ታስገባ ነበር?»
«አላስገባም።»
«ማጣሪያም እንደዚያው ነው። ለቀጭን የተሠራው ወፍራሙን አይችለውም። ወንበር ቆጥረህ ልጆቹን ረሳሃቸው!»
ስለዚህ አርባው ለማጣሪያዎቹ የማይሆን ወፍራም ነው። የጎደላቸውን ቀጭን ሠላሳ ይገዛሉ። የእሷ ልክ ነበር ማለት ነው? እዚያው ቆሜ ደወልኩላት።
«ዓርብ ለአለቆቼ ላክሁት እኮ ጋሼ። እርስዎ እንዳሉት።»
«ልክ እንዳልሆነ እያወቅሽ?»
«እርስዎ ካሉ... እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ።»
ምን አደረግኩ?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ዙሪክ አብሬያት ሄድኩ። ባቡር ውስጥ «የእኔን ተይው፣ የራስሽን ተናገሪ» አልኳት። ጣቢያው ካፌ ጠበቅኳት። ሻዩ ቀዘቀዘብኝ...

መጣች። የላከችው ስህተት መሆኑን ራሷ ቀድማ ነግራቸው፣ ሰሌዳ ላይ ከመጀመሪያው ሠርታላቸዋለች። «ማን ነው እንዲህ የደመረው?» አሏት። «እኔ» አለች። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። ግን ቀጥረዋታል።

ስንመለስ፣ የዚያ አካባቢ ሰዎች ለራሳቸው ወፍራም ድፍድፍ የሚሆን ማጣሪያ ለምን አይሠሩም ብዬ ጠየቅኩ። መመለስ ስትጀምር አቋረጥኳት።
«ጋሼ፣ ይቆዩኝ! ልጨርስ።»
እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እስከ ሎዛን ድረስ አስረዳችኝ። ግማሹ አልገባኝም።
እንደገና ንገሪኝ አልኳት።